መኪናው ሲሄድ የሚቀረው ማን ነው?

ፍኖተ ሰላምን የሚያውቅ ሰው በዋናው አስፋልት ሲያልፍ በኤሌክትሪክ ምሰሶና በሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ሳያይ አይሄድም። ገሚሱ የሚከራይ ቤት ነው፤ ገሚሱ የጠፋ መታወቂያ ነው፤ የቀረው የሥራ ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ አራት ወጣቶች ከአንድ ወረቀት ፊት ተሰብስበው አየሁና እኔም እንደ እነርሱ አንገቴን አስግጌ አነበብሁ። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የፕሮጀክት ሠራተኛ ይፈልጋል። የትምህርት ደረጃ፥ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ፥ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ፤ የሥራ ቦታ፥ ገጠር ቀበሌ፤ የቅጥር ሁኔታ፥ በኮንትራት ለአሥራ አንድ ወር።

ከወጣቶቹ አንዱ «በአሥራ አንድ ወር ምን ሥራ ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ ሌላው «ሪፖርት ይጻፋላ!» ብሎ መለሰለት። ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ ግን ለእኔ ብዙም አልቆየልኝም። በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ በአንድ የምዕራብ ጎጃም ወረዳ በውሃ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሷል። ይኸው ማስታወቂያ በስልኩ ደርሶት ኖሮ ማታውን ደወለልኝና፥ «ደመወዙ አሁን ከማገኘው እጥፍ ነው ይላሉ፤ ዓመት ግን አይሞላም። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ። መምህር የሆነ ሰው ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ይመስለዋል፤ ያን ዕለት ግን መልስ አጣሁ። ስለዚህ በነገሩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ጠየቅሁ፥ ጽሑፎችም አገላበጥሁ። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ነገ ይህን የመሰለ ማስታወቂያ የሚያነቡ ተማሪዎች፥ ወይም ዛሬ እንደ ወዳጄ ከአንድ ወረዳ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው የሚያመነቱ ወጣት ሠራተኞች ናቸውና፥ ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ መሥሪያ ቤት የተመደበ የዓመት በጀት፥ እንደ ነጋዴም ትርፍ የለውም። ለጋሽ የሚባለው ወገን ለአንድ ለተወሰነ ሥራ፥ ለምሳሌ ጉድጓድ ለማስቆፈር ወይም የዓይን ሕክምና ለመስጠት፥ ለተወሰነ ጊዜ ገንዘብ ይሰጠዋል። ሠራተኛው የሚቀጠረው በዚያ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ውሉም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ የሠራተኛው ዓመት ሁለቱ ወር ቀበሌውን ሲለማመድ፥ ስድስቱ ወር ሲሠራ፥ የቀረው ሌላ ሥራ ሲፈልግ ያልፋል። ይህን ስል ሠራተኛው ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። የቤት ኪራይ ያለበት፥ ወላጆቹንም የሚጦር ሰው በዘጠነኛው ወር ማስታወቂያ ማንበብ ቢጀምር ማን ይፈርድበታል?

በገጠር ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይበረታል። ከመኪና መንገድ የሁለትና የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ የሚርቁ ቀበሌዎች አሉ፤ ሠራተኛዋ ሴት ከሆነች የምታድርበትን ቤት ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ የተዘጋበት፥ ኢንተርኔትም የተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁን «ሂድ፥ ገጠር ገብተህ ሥራ» ብሎ የሚያሰናብት ወላጅ ጥቂት ነው።

ለማግኘት ከሁሉ የሚያስቸግረው የሒሳብ ሠራተኛ ነው ሲሉ የጠየቅኋቸው ሰዎች ነገሩኝ። የለጋሾቹን የሒሳብ አያያዝ ተምሮ ሲጨርስ ባንክ ይወስደዋል፤ ከባንክ የተረፈውን ደግሞ ትልቁ የውጭ አገር ድርጅት ይወስደዋል። ትንሹ የአገር ውስጥ ማኅበር ለሌሎች ሠራተኛ ሲያሠለጥን ይኖራል ማለት ነው። ትንሹ ማኅበርስ በበኩሉ ከማን ይወስዳል? ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ይወስዳል። እንግዲህ ወዳጄ የቆመው በዚህ መሰላል በታችኛው እርከን ላይ ነው።

ሕጉም በነገሩ ውስጥ ድርሻ ነበረው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 አንድ ድርጅት ከወጪው ቢያንስ 70 በመቶውን ለዓላማው ማስፈጸሚያ፥ ቢበዛ 30 በመቶውን ለአስተዳደር እንዲያውል ያዝ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለድኻ ተብሎ የተለመነ ገንዘብ የቢሮ ምንጣፍና ወንበር መግዣ እንዳይሆን ነው። ክርክሩ የተነሣው አስተዳደር የሚባለው የትኛው ነው በሚለው ላይ ነበር። ብዙ ድርጅቶች የክትትል ጉዞውም፥ የሠራተኛ ሥልጠናውም በአስተዳደር በኩል ተቆጠረብን እያሉ አቤት ይሉ ነበር። ሲሚንቶው «ዓላማ» ተብሎ፥ ጉድጓዱ በትክክል መገንባቱን ሄዶ የሚያየው ሰው የሚሳፈርበት መኪና ነዳጅ «አስተዳደር» ሆነ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ይህ አዋጅ ተሽሮ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። አዲሱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ቢወስንም፥ አስተዳደር የሚለውን ቃል ትርጉም ስላጠበበው ድርጅቶቹ ትንሽ ተንፈስ አሉ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ግሪጎሪና ሃዋርድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስለዚሁ ጉዳይ መጣጥፍ ጽፈው ነበር። ለጋሹ የቢሮ ወጪ ትንሽ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ድርጅቱም እርሱን ለማስደሰት ከሠራተኛና ከሥልጠና ይቆርጣል፥ ወጪውንም አሳንሶ ያስታውቃል፤ ለጋሹ ይህን አይቶ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያም ያነሰ ይጠብቃል፤ እንዲህ ሲሆን ሲሆን ድርጅቱ በረኃብ ይዳከማል ይላሉ። ጸሐፊዎቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚያማክረው የብሪጅስፓን ሰዎች ነበሩ። ብሪጅስፓን ቤይን ከሚባለው ትልቅ የንግድ አማካሪ ኩባንያ የተወለደ፥ ራሱ ግን ያለ ትርፍ የሚሠራ ድርጅት ነው። አማካሪዎችን የሚወቅስ ሰው ስለዚህ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ችግሩን ከነገሩን ሰዎች መካከል እነርሱም አሉበት።

አማካሪው ወደ ድርጅቱ የሚገባው እንግዲህ ሠራተኛው በወጣበት በር ነው። ፕሮጀክቱ ሊጀመር ሲል የመነሻ ጥናት ያስፈልጋል፤ ጥናት የሚያውቀው ሠራተኛ ለቋል፤ አማካሪ ይጠራል። ለአዲስ ለጋሽ ፕሮፖዛል መጻፍ ያስፈልጋል፤ አሁንም አማካሪ ይጠራል። ሥራው ሲያልቅ የማጠቃለያ ግምገማ ይፈለጋል፤ እንደገና አማካሪ ይጠራል። አንዳንድ ጊዜ የሚጠራው ሰው አምና በዚያው ድርጅት በወር ደመወዝ ሲሠራ የነበረው ነው፤ ዘንድሮ በቀን ሒሳብ እየተከፈለው ያንኑ ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። በሰውዬው አልፈርድበትም፤ ያ ድርጅት ግን ሰውዬውን አስቀርቶት ቢሆን ኖሮ ይረክስለት ነበር።

እኔም ከዚህ ገንዘብ ቀምሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ በጨረስሁበት ክረምት አንድ አማካሪ ድርጅት መረጃ ሰብሳቢዎች ይፈልጋል ተብሎ ከጓደኞቼ ጋር ተመዘገብሁ። ሁለት ቀን ሥልጠና፥ ስምንት ቀን ሥራ፥ የቀን አበልም አለው፤ ለእኔ በዚያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበር። የደረሱኝ ከጢስ ዓባይ ከተማ ወጣ ያሉ መንደሮች ነበሩ። እንግዳ ሁሉ ፏፏቴውን ሊያይ ሲሄድ እኔ መጠይቄን በላስቲክ ጠቅልዬ በጭቃው በተቃራኒው አቅጣጫ እሄድ ነበር። መጠይቁ አሥራ አራት ገጽ ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተመለሰ ስለ ሆነ አንዳንዱ ጥያቄ ለጠያቂውም አይገባም። በሦስተኛው ቀን ከአንዲት አሮጊት ደጃፍ ቁጭ ብዬ፥ «እማማ፥ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውሃ ለመቅዳት በቀን በአማካይ ስንት ደቂቃ ወስዶብዎታል?» ብዬ ጠየቅሁ። እሳቸውም እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፥ «ልጄ፥ አምና የመጣውም ልጅ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር፤ ደብተሩ ጠፋበት እንዴ?» አሉኝ።

ደብተሩ አልጠፋም። የአምናው ጥናት ለሌላ ድርጅት በሌላ አማካሪ የተሠራ ነበር፤ አንዱ የሌላውን አላየውም። አሮጊቷ ሰዓት የላቸውም፤ ጎረቤት እስኪያገኙ፥ ተራ እስኪደርሳቸው፥ ወሬም እስኪያወሩ የሚወስደውን ጊዜ በደቂቃ ሊነግሩኝ አልቻሉም። ባዶ ቦታ መተው አይፈቀድምና እኔ 30 ብዬ ጻፍሁ። ያ 30 ዛሬ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምሮና ተካፍሎ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሄደ፤ በወረዳው ያየው ሰው እንዳለ ኋላ ብጠይቅ አላገኘሁም። አበሌን ግን ተቀብያለሁ፤ ጫማም ገዝቼበታለሁ።

ይህን ስላየሁ አማካሪ ከናካቴው አያስፈልግም ብል ግን ውሸት ይሆናል። የሒሳብ ምርመራ በውጭ ሰው ካልተደረገ ምርመራ አይደለም። ድርጅት የራሱን ሥራ ራሱ መርምሮ «ጥሩ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? አንዲት ምንጭ የሚያጎለብት ማኅበርም ለአንድ ወር ሥራ ብሎ መሐንዲስ ዓመት ሙሉ ሊቀልብ አይችልም። የሚያስፈልገው አማካሪው ለምን እንደ መጣ፥ ሲሄድም ማን ሥራውን እንደሚረከበው አስቀድሞ ማወቅ ነው።

በዚሁ በጎጃም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ሥራ አለ። የመንግሥት ለመንግሥት ዕርዳታ እንጂ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሥራ አይደለም፤ የሠራተኛ ችግሩ ግን ያው ነው። የፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2011 በአማራ ክልል የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም የሚባለውን ሲረዳ፥ ከአማካሪ ኩባንያ የመጡ ሰዎች ከክልሉ ባለሙያዎች ጋር አብረው ይሠሩ ነበር። በመጀመሪያ ገንዘቡን የሚይዘው፥ ዕቃውን የሚገዛው፥ ግንበኛውን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ነበር። የወረዳው ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ መንደሩ ብዙ ነው፤ ሥራው ይዘገያል። ተጨማሪ ሠራተኛ ይቀጠር ቢባል ደግሞ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማን ይከፍለዋል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ዘዴው ተለወጠ። መንደሩ ከመካከሉ የውሃ ኮሚቴ መርጦ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ወረዳው ካጸደቀለት ውል ይፈራረማል፤ ገንዘቡም በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፥ ማለት ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በኩል፥ ለኮሚቴው ይደርሳል። ሲሚንቶ የሚገዛው፥ ግንበኛም የሚቀጥረው ኮሚቴው ራሱ ነው። መንደርተኛው ይቆፍራል፥ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ያጠራቅማል። የወረዳው ባለሙያና አማካሪው የሚሠሩት ደንቡን ማውጣት፥ ቅጹን ማዘጋጀት፥ ኮሚቴውን ማሠልጠንና መቆጣጠር ሆነ። ከዚህ በኋላ በየዓመቱ የሚሠሩት የውሃ ተቋማት ቁጥር ከፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም ዘዴው ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። አማካሪዎቹ በስምንት ቀን መጠይቅ ሞልተው እንዳልሄዱ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ነገሩ የሠመረው ከብዙ ዓመት መመላለስ በኋላ ነው።

ከቡሬ ወጣ ብሎ በአንድ መንደር እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ገንዘብ ያዥ የሆኑ ሰው አግኝቼ ነበር። ማንበብ ስለማይሆንላቸው መዝገቡን የምትጽፈው ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ናት፤ እሳቸው ደግሞ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ በቃላቸው ያውቁታል። ሁለቱ መዝገቦች ልዩነት ባሳዩ ጊዜ የሚታመነው የሳቸው ነው አሉኝ፥ ልጅቱም ሳቀች። ደመወዝ የላቸውም። የእጅ ፓምፑ የጎማ ዕቃ አልቆ ገበያ ሲጠፋ ግን የሚሰደቡት እሳቸው ናቸው። «ይህን ሹመት ለምን አይለቁም?» ብላቸው፥ «ለቅቄ የት እሄዳለሁ? ውሃውን የምጠጣው እዚሁ አይደለም?» አሉኝ።

መንደሩ ይህን የመሰለ አሠራር ከፊንላንድ ሰዎች ተማረ ማለት አይቻልም። እድራችን ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ በሌሊት ሰው ቢሞት ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ፥ ወንበሩ ተደርድሮ ይገኛል። ይህን አይተው «እንግዲያውስ የበጎ አድራጎት ሥራ ሁሉ በነጻ ይሠራ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። የእድሩ ጸሐፊ ጸሐፊ የሚሆነው በወር አንድ ቀን ነው፤ በቀረው ቀን የራሱን እርሻ ያርሳል። ነርስ ግን በወር አንድ ቀን ነርስ ልትሆን አትችልም።

ባለሙያ የግድ ከሆነ ባለሙያውን ከሥራው ውስጥ ማብቀል ይቻላል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲመጡ የሦስት ዓመት ኮንትራት የያዙ ሠራተኞች ነበሩ፤ የመጡትም አዋላጆችን ለማሠልጠን ነው። በኋላ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ዶክተር ካትሪንም እ.ኤ.አ. በ2020 እስካረፉ ድረስ ኑሯቸው በዚህ አገር ነበር። ሐኪምና ነርስ ባነሰበት በዚያ ሥራ ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ ድነው ሲያበቁ ሌሎቹን ማስታመም ጀመሩ። ከነዚህ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ ከገጠር ታመው መጥተው፥ አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፥ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ እያቀበሉ እያዩ ተምረው፥ በመጨረሻ ከውጭ አገር ለመጡ ዶክተሮች የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚያስተምሩ ሆኑ። በፍኖተ ሰላሙ ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ገና «የትምህርት ደረጃ» የሚለው መስመር ላይ ይወድቁ ነበር።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር ማዕከል ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ አቋቋመ። የኮሌጁ ዘዴ ሴት ተማሪዎችን ከገጠር መልምሎ፥ አስተምሮ፥ በመጡበት አካባቢ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መልሶ መላክ ነው። ዘመድ፥ ቋንቋና መንገድ የምታውቅ ልጅ ከማታውቀው ይልቅ ትቆያለች ከሚል ሐሳብ የተነሣ ነው። ርካሽ አይደለም፤ ፍሬውም በአሥራ አንድ ወር አይታይም።

ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ለጋሽ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚከተል ደግሞ በቅርቡ አይተናል። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ባገደ ጊዜ፥ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። ዩኤስኤአይዲ የተባለው የዕርዳታ ድርጅት ራሱ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራው አከተመ። ያን ጊዜ አማካሪዎቹም ሥራ አጡ። እንግዲህ ድርጅቶች ሁሉ «በራስ ገቢ መተዳደር» ስለሚባለው ጉዳይ ማጥናት ጀመሩ ይባላል፤ ጥናቱን የሚያጠናላቸው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይገምታል።

ለወዳጄ የነገርሁት ይህንኑ ነው። አትሂድ አላልሁትም፤ የወረዳው ደመወዝ ከወር ወር እንደማያደርስ ከእርሱ ጋር ጫት ቤት ሳይሆን ዳቦ ቤት ተሰልፌ አይቻለሁና። ይልቅስ ለፈተና ሲጠሩህ አንተም ጠይቃቸው አልሁት፤ በአሥራ ሁለተኛው ወር መዝገቡን የሚረከበኝ ማን ነው? ጥናቱ በአማርኛ ተጽፎ ለመንደሩ ይነበባል ወይ? ሥልጠና የምትሰጡኝ እኔን ነው ወይስ ለእኔ የሚሠራልኝን አማካሪ ነው? እርሱም «እንዲህ ብዬ ከጠየቅሁማ አይቀጥሩኝም» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል።

የማመልከቻው ቀን የሚያበቃው በዚህ ዓርብ ነው። ወዳጄ የልምድ ማስረጃውን ይዞ ማኅተም ለማስመታት ከወረዳው አለቃ ዘንድ ገባ። አለቃው ሽማግሌ ናቸው፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ማኅተሙን መቱለት። ከዚያም ሊወጣ ሲል፥ «የጉድጓዶቹን መዝገብ ለማን አስረክበህ ትሄዳለህ?» ብለው ጠየቁት። መዝገቡ በእርሱ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ከእርሱ በቀር የሚከፍተው ሰው በጽሕፈት ቤቱ የለም። ትናንት ማታ ሲደውልልኝ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጦ በወረቀት ሊገለብጠው እንዳሰበ ነገረኝ፤ ብዛቱ ግን ሦስት ደብተር ሳይሞላ አይቀርም።